የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን የጥገና መዝገብ

ልጄ የግቢያችንን በር ከውጭ ቆልፋብኝ ሥራ መሄድ ከጀመረች እነሆ ሦስተኛ ወሯ ነው። ቁልፉን ከሆስፒታል መታወቂያዋ ጋር በአንገቷ አንጠልጥላ ትወጣለች። እኔ መርስዔ ኀዘን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አውሮፕላን የጠገንሁ፣ መቶ ሰው የጫነ አውሮፕላን በፊርማዬ ወደ ሰማይ የለቀቅሁ ሰው፣ ከአንድ ፓፓያ፣ ከአንድ ዘይቱንና ከሁለት ዶሮዎች ጋር እቀራለሁ። ጣና ከቤታችን አራት መቶ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ጧት ጧት የውሃው ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ ውሃው ራሱ ግን አይታይም።

ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። በኅዳር ወር ዳቦ ልገዛ ወጣሁ፤ ሲመሻሽ ከዓባይ ማዶ፣ መንገድ ዳር፣ ዳቦዬን ታቅፌ ተቀምጬ አገኙኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ድሮ አንድ የነበረው ድልድይ አሁን ሁለት ሆኗል፤ ዘንባባው ሁሉ መልኩ አንድ ነው፤ ማን አይሳሳትም? ደክሞኝ ዐረፍ አልሁ እንጂ አልጠፋሁም። ልጄ ሰብለ ወንጌል ግን «ቤትዎ የት ነው ብለው ሲጠይቁዎ እንፍራንዝ አሉ» እያለች ታሳጣኛለች። የተወለድሁት እንፍራንዝ ነው። ሰው የተወለደበትን ቢናገር ምኑ ይገርማል?

ከዚያ ወዲህ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ፣ አንድ ቀን ምሳዬን ሳልነካው ለዶሮዎቹ ደፋሁት። እሷ ነርስ ናት፤ የታመመ ሰው ኩርፊያ ለምዳዋለች። እኔ ደግሞ አልታመምሁም። ይህንን የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

ሣጥኑን ያመጣው ሙሀመድየሱፍ ነው፤ ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰብለ ቤት በነበረችበት ቀን፣ በባጃጅ ጭኖት መጣ።

«አንድ ደንበኛ አዝዞኝ ሁለት ዓመት ሳይወስደው ቀረ» አለ፣ ጠረጴዛው ላይ እያሳረፈው። «የእኔን ሱቅ ከሚያጣብብ ያንተን ቤት ያጣብብ።»

በሪሞት የሚበርር አውሮፕላን ነው። መጫወቻ እንዳትሉት፤ ክንፉ ተገጥሞ ሲዘረጋ እጄን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ያህለኛል። ፕሮፔለር አለው፣ ሞተር አለው፣ ጭራ አለው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ለመብረር የተቃረበ» ይላል። ሣቄ መጣ። አውሮፕላን ወይ ይበርራል ወይ አይበርርም፤ የተቃረበች የምትባል ነፍሰ ጡር ናት። ፋብሪካው ግማሹን ሠርቶ ሞተሩን አካሉ ውስጥ ቀብሯል፤ ክንፉን፣ ጭራውን፣ ሽቦውን ግን ገዢው እንዲገጥም ትቶታል።

ሰብለ ገና ሣጥኑን ስታይ «አይበርርም!» አለች። «በዚህ ጊዜ ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤቱ ልጁን እየጎተተ ቤት ይገባል። ሰው ሊያስደነግጡ ነው?»

እውነቷን ነው። ሙሀመድየሱፍ ግን ነጋዴ ነው፤ ከአፉ ውል አይጠፋም።

«አይበርርም፤ ከዘይቱኑ ግንድ ጋር በገመድ ይታሰርና ሞተሩ ብቻ ይነሣል። ስሚኝ ሰብለ፤ አባትሽ ይህን ብቻውን፣ ያለ ስህተት ገጥሞ እስከ ቅዳሜ ሳምንት ከጨረሰ ቁልፉን ትመልሽለታለሽ። ወላሂ፣ ይህን የሚገጥም ጭንቅላት ዳቦ ቤት ሄዶ መመለስ አያቅተውም።»

ሰብለ «እሺ» ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ እሷን አየሁ። በሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን ልቤ መትቶ አያውቅም።

«አንዲት ስህተት ካገኘሽ ቁልፉ እዚያው አንገትሽ ላይ ይቅር» አልኋት። «የሚያጠራጥር ነገር ካለም እንዲሁ። በሕጉ እንሠራለን።»

ሕጉ የእኔ ሙያ ሕግ ነው። እኔ በሠለጠንሁበት ቤት የሠራ ሰው እያንዳንዱን ነገር መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ቀኑን ያሰፍራል፣ ይፈርማል። የጻፈውን ግን ራሱ አያነብብም፤ የገዛ ስህተቱን ማንም አያይምና። የሚያነብበው ሌላ ሰው ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ጉድለት ከተገኘ ገጹ ላይ ቀይ ኤክስ ይሠመራል። ቀይ ኤክስ ያለበት አውሮፕላን ጄኔራል ቢለምን አይነሣም፤ በጎታች መኪና ተይዞ መሬት ለመሬት ከቦታ ቦታ መሄድ ብቻ ይፈቀድለታል። ኤክሱንም ያሰመረው ሰው አያነሣውም።

«እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው» አለች ሰብለ። «ደም የሚሰቀል ሲሆን ሁለት ነርሶች የከረጢቱን ቁጥር ጮክ ብለን ሳናነብብ አይሰቀልም። ሳላነብብ ፈርሜ አላውቅም።»

«እንግዲያው ትግባባላችሁ» አለ ሙሀመድየሱፍ። ነገሩን አበላሸው ግን በዚያው አፉ፤ ሰብለ በሌለችበት ቀን በምሳ ሰዓት እየመጣ እንዲያየኝ ትርፉን ቁልፍ ለእሱ ስትሰጠው «እሺ» ብሎ ኪሱ ከተተ። የእኔ በር ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ! ቢሆንም ዋጥሁት፤ አንድ ሳምንት ነው።

ሰኞ ጀመርሁ። አንድ አዲስ ደብተር ወስጄ መስመር አሰመርሁ፤ ቀን፣ ሥራ፣ ፊርማ። አካሉ ጠንካራ ፎም ነው፤ እንደ ዳቦ የቀለለ። ሁለቱን ክንፎች በቀጭን የካርቦን ዘንግ አያያዝሁና በአካሉ ላይ አራት ብሎን አጠበቅሁ። ጭራውን በማስቲሽ ለጠፍሁ፤ እስኪደርቅ ድረስ በሁለት እጄ ይዤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። ለካ ሰው እጁም ይናፍቀዋል።

በየክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ቁራጭ አለ፤ ኤለሮን እንለዋለን፤ አውሮፕላኑን ግራና ቀኝ የሚያጋድለው እሱ ነው። ኤለሮኑ ላይ አራት ቀዳዳ ያላት የጥፍር ያህል ማንሻ ተተክላለች፤ ክንፉ ውስጥ ካለው ትንሽ ሞተር የሚመጣው የሽቦ ዘንግ ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ይገባል። ማንዋሉ በሥዕል «ሁለተኛው ቀዳዳ» ይላል። በሁለቱም ክንፍ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገባሁ። ጻፍሁ። ፈረምሁ።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ተነሥቼ ብመለከት የግራው ክንፍ ዘንግ ከሁለተኛው ወጥቶ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አየሁት። አንደኛው ነው። ሰው ነክቶታል። በፒንሳ አውጥቼ ወደ ቦታው መለስሁ፤ መዝገቡ ላይም «ማን እንደነካው አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ።

ረቡዕ ከሰዓት እንደገና! የግራው ዘንግ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ። በዚያች ደቂቃ ሙሀመድየሱፍ በሩን ከፍቶ፣ ቴምር በፌስታል ይዞ፣ እየሣቀ ገባ። ደሜ ፈላ።

«ምን አደረግሁህ?» አልሁት።

«ምን ሆነሃል?»

«ትናንትም ዛሬም አውሮፕላኔን የነካህ አንተ ነህ። ከአንተ በቀር ቁልፍ ያለው ማን ነው? እጅህ አያርፍም! ወይስ ተሸንፌ እዚሁ ታጉሬ እንድቀር ከልጄ ጋር መክራችኋል?»

ፊቱ ተለወጠ። «መርስዔ፣ ትናንት እኮ አልመጣሁም። ሱቅ ዕቃ ሲራገፍ ዋለ።»

«ዋሾ!» አልሁት። የሠላሳ ዓመት ወዳጄን። እናቴ ስትቀበር አፈር ያለበሰውን ሰው።

ቴምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። በሩን ሲቆልፈው ሰማሁ። ማታ ሰብለ ስትመጣ ቁልፉን ሆስፒታል ድረስ ሄዶ እንደመለሰላት ነገረችኝ። «ምን አሏቸው?» አለች። «የሚገባውን» አልኋት። ካፈርሁ አይመልሰኝ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ የበር ቁልፍ ላገኝ ብዬ በሩን የሚያንኳኳልኝን ብቸኛ ሰው አጣሁ።

ሐሙስ ማንም አልመጣም። ሰብለ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቆልፋ ወጣች፤ መብራት ጠፍቶ ሬዲዮም ዝም አለ። ግቢው እንደዚያ ቀን ጠብቦ አያውቅም። ከበሩ እስከ ዘይቱኑ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ከዘይቱኑ እስከ ኩሽናው አሥራ አራት። እሱን ስመላለስ ዋልሁ። በዘጠኝ ሰዓት ወደ አውሮፕላኑ ብመለስ፣ የግራው ዘንግ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው።

በሩ ተቆልፏል። ሰው አልገባም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁና ፈራሁ። ከዚያ መልሱ መጣልኝ፤ ሰብለ ናት። ጧት ከመውጣቷ በፊት ነው። ማታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቅኋት።

«ዘንጉን ነክተሻል?»

አውሮፕላኑን አየች። እኔን አየች። መዝገቡ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱንም አየች፣ ረዘም አድርጋ።

«አዎ አባባ» አለች ቀስ ብላ። «ጠረጴዛውን ስወለውል ተነቅሎብኝ፣ ባገኘሁት ቀዳዳ መልሼ ሰካሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ የተሸከምሁት ድንጋይ ወረደልኝ! ተቆጣኋት፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ የማያውቁትን አይነኩም አልኋት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። በዚያው ማታ ዘንጉን ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ አስገብቼ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዤ አሰርሁት። በእኛ ሥራ እንዳይፈታ የተፈለገ ነገር በሽቦ ይጠመዘዛል፤ እያንዳንዱ መካኒክ የራሱ አጠማዘዝ አለው፤ የእኔ ወደ ግራ ነው። ሙሀመድየሱፍን መበደሌ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቁልፉን ሳገኝ በእግሬ ሄጄ እታረቀዋለሁ አልሁ።

ቅዳሜ ጧት ሰብለ ከአዳር ሥራ ገባች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ኮቴን ለብሼ ነበር።

«አንብቢ» አልኋት።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ሰኞ፣ ክንፍ፣ አራት ብሎን። ጭራ፣ ማስቲሽ። በየመካከሉ ገጹን እየገለጠች ቶሎ ቶሎ ነው የምታነብበው፤ ድካም ነው ብዬ አለፍሁት። ከዚያ ሪሞቱን ይዤ ኤለሮኖቹን አንቀሳቀስሁላት፤ ግራው ሲነሣ ቀኙ ወረደ። ከቤት ወደ ግቢው አውጥተን ጭራውን በገመድ ከዘይቱኑ ጋር አሰርነው። ሞተሩን ሳስነሣው ፕሮፔለሩ ጮኸ፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ የፓፓያው ቅጠል ተንቀጠቀጠ። አውሮፕላኑ ገመዱን ወጥሮ ወደ በሩ እየተሳበ ቆመ። ለመሄድ እንዲህ የሚታገል ነገር አይቼ አላውቅም። አሳዘነኝ። ሰብለ እጇን ስታነሣ አጠፋሁት።

«ስህተት አለ?» አልሁ።

«የለም» አለች። ፈረመች። ከዚያ ማንጠልጠያውን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ለየችውና መዳፌ ላይ አኖረችው። ጣቶቼን ራሷ ዘጋቻቸው። «አደራ፣ በዝግታ» ብላ ልትተኛ ገባች።

ኮቴን አስተካከልሁ፣ ከዘራዬን አነሣሁ፣ መዝገቡን ብብቴ ሥር አደረግሁ። ሙሀመድየሱፍ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ጥፋቱ የልጄ መሆኑን እነግረዋለሁ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ ሁለታችን ሐይቁ ዳር እንቀመጣለን። ቁልፉ ሲዞር የሰጠው ድምፅ ደስ ይላል። በሩን ከፈትሁት። መንገዱ ቁልቁል ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ጣና ግራጫ ሆኖ ተኝቷል።

ደፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ለሙሀመድየሱፍ የማሳየውን ገጽ ላዘጋጅ ብዬ መዝገቡን ገለጥሁ። የራሴን ጽሑፍ ማንበብ አልነበረብኝም። ሕጉን አፈረስሁ።

«ማክሰኞ ጧት። የግራ ዘንግ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ተሳስቶ ገብቶ አገኘሁ። ወደ አንደኛው አዛወርሁ። መርስዔ ኀዘን።»

ከሥሩ፣ «ማክሰኞ ከሰዓት። የግራ ዘንግ አንደኛው ቀዳዳ ውስጥ ነው። ማን እንደነካው አላውቅም። ወደ ሁለተኛው መለስሁ። መርስዔ ኀዘን።»

«ረቡዕ ጧት። የግራ ዘንግ ሁለተኛው ቀዳዳ ውስጥ ተሳስቶ ገብቶ አገኘሁ። ወደ አንደኛው አዛወርሁ።» ሐሙስም ጧት እንዲሁ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ «ኀ»ን የምጠቀልልበት አጠቃለል የእኔ ነው፤ ፊርማው የእኔ ነው። ዓርብ ጧት ደግሞ ብቻውን በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ዘንጉ በሽቦ ታስሯል። ማን እንዳሰረው አላውቅም። አጠማዘዙ ግን የእኔን ይመስላል። ተውሁት።»

ሰብለ ጧት ጧት የጻፍሁትን ሁሉ ዘልላ ነው ያነበበችው። ሐሙስ ማታ መዝገቡን ረዘም አድርጋ ያየችው ለካ አንብባው ነበር። ዘንጉን አልነካችውም። ቁጥር ሳታነብብ ደም የማትሰቅለው ልጄ ለእኔ ስትል ጥፋት ወሰደች፣ ለእኔ ስትል በሐሰት ፈረመች።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። በሩ ተከፍቷል። ማንም አላየኝም፤ ሐይቁ አራት መቶ እርምጃ ነው። ልሂድ አልሁ። ማን ይከለክለኛል? ወደ ሙሀመድየሱፍ ሱቅ የሚወስደውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ነገር ግን ያንን ጧት ጧት የሚነሣውን ሰውዬ አላውቀውም። በእኔ እጅ ይሠራል፣ በእኔ ስም ይፈርማል፤ አንድም ቀን ተገናኝተን አናውቅም። ዳቦውን ታቅፎ ከዓባይ ማዶ የተቀመጠው እሱ ነው። ይህን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ይዤ ባድር፣ ነገ ጧት የሚያገኘው እሱ ነው። እንዲህ ያለውን መካኒክ እኔ አውሮፕላን አላስነካውም ነበር።

አለቀስሁ። ደፉ ላይ ቆሜ፣ ሐይቁን እያየሁ፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና በሩን ከውስጥ ቆለፍሁ።

ሰብለ የሥራ ጋዋኗን ወንበር ላይ ጥላዋለች፤ ኪሱ ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አለ። መዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ከፈትሁ። ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቁልፉን ገጹ ላይ አኑሬ እስክትነሣ ጠበቅሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ መጣች። ቁልፉን ስታይ ቆመች።

«አልሄዱም?»

«አንብቢ» አልኋት። «ጮክ ብለሽ። አሁን አንድ ቃል እንዳትዘልዪ።»

ፊቷ ቀላ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አነበበች።

«ቅዳሜ። ዓይነት፣ መርስዔ ኀዘን። የተሠራበት ቦታ፣ እንፍራንዝ። ጉድለት፣ ጧት የሠራውን ከሰዓት አያስታውስም።» ቀና ብላ አየችኝና ቀጠለች። «ቀይ ኤክስ። አይነሣም።»

«ከሥሩም አለ።»

«በጎታች ተይዞ እስከ ሐይቁ ዳር መሄድ ይችላል። በመንገድ ላይ ሙሀመድየሱፍ ሱቅ ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ፈርሚበት» አልኋት።

ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ግን ፈረመች። ቁልፉን አንሥታ ወደ ማንጠልጠያዋ መለሰችና አንገቷ ላይ አጠለቀችው። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ጎታቹ ማን ነው?» አለች።

«አንቺ ነሽ እንጂ። ሌላ ማን አለኝ?»

ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ አለች፤ እኔም ከዘራዬን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት።